ሊጡን አትሹት

«ስኮኑ ቤት የተጋገረ ነው ወይስ ከፓኬት?» ብሎ የሚጠይቅ እንግሊዛዊ ብዙውን ጊዜ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። የሚፈልገው ትንሽ እንድታፍሩለት ነው። እኔ አላፍርም። የምሠራው ደቡብ ለንደን ውስጥ፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለሻይ የምናቀርበው ስኮን ከፓኬት ዱቄት የሚጋገር ነው፤ ቅዳሜ ቤቴ ለልጆቼ የምጋግረውም እንደዚያው። ደግሞስ ከፓኬት ስለሆነ «ቤት የተጋገረ» መሆኑ የት ሄደ? ኦቭኑ የእኔ፣ እጁ የእኔ።

ፓኬቱ የሚገላግላችሁ ከመመዘን ነው። ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ ጨውና ቤኪንግ ፓውደሩ፣ ብዙ ጊዜ ቅባቱም ሳይቀር፣ ተለክቶና ተቀላቅሎ ይመጣል። ስኮን የሚያምረው ወይም ድንጋይ የሚሆነው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ፈሳሹ ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ የኦቭኑ በር እስኪዘጋ ድረስ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሥራው ሁሉ ደግሞ የእጅ ነው። በሀበሻ ቤት ያደገ ሰው የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። እጃችን ሊጥ ሲያገኝ ማሸት ያምረዋል። እናቶቻችን ለድፎ ዳቦ ሲያቦኩ ግንባራቸውን ላብ እስኪያጠምቀው፣ ሊጡ ከእጃቸው እስኪላቀቅ እያሹ ነው ያሳዩን። ያልታሸ ሊጥ የሰነፍ ሊጥ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ስኮን የሚፈልገው የዚህን ግልባጭ ነው።

ስኮን ቀምሶ ለማያውቅ ሰው ልንገር። መዳፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ክብ፣ ቁመቱ ሦስት ጣት ቢሆን ነው። እርሾ ስለማይገባበት ከዳቦ ይለያል፤ ስኳርና እንቁላል ስለማይበዛበት ከኬክ ይለያል፤ ውስጡ ለስላሳ ስለሆነ ከብስኩት ይለያል። በደንብ የተነሳ ስኮን ወገቡ ላይ ዙሪያውን ይሰነጠቃል። ያን ስንጥቅ ይዞ በእጅ ለሁለት መክፈት ነው፤ ቢላ አያስፈልገውም። ላዩ ላይ ማርማላታና ወፍራም ክሬም ይደረግበታል፣ ከሻይ ጋር ይቀርባል። ብቻውን ሲበሉት ደረቅ ነው የሚል ሰው አለ፤ እውነቱን ነው። ብቻውን እንዲበላ የተሠራ ነገር አይደለም።

የስኮን አገሩ ከእንግሊዝ ይልቅ ስኮትላንድ ነው። ስሙ ተጽፎ ከሚገኝባቸው ጥንታዊ ሥራዎች አንዱ ገጣሚው ጋቪን ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1513 የጨረሰው የቨርጂል «ኤኒድ» የስኮትላንድኛ ትርጉም ነው። የዚያ ዘመን ስኮን የዛሬውን አይመስልም። ከአጃ ወይም ከገብስ ዱቄት የሚዘጋጅ፣ ጠፍጣፋ፣ ሰፋ ብሎ በብረት ምጣድ ላይ የሚጋገርና በሦስት ማዕዘን እየተቆረጠ የሚበላ ነበር። ቂጣ ነበር ብላችሁ ብዙ አትሳሳቱም።

ቂጣው ቁመት ያወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ኬሚስቶቹ ወጥ ቤት ሲገቡ ነው። በርሚንግሃም ከተማ ውስጥ አልፍሬድ በርድ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ሚስቱ ኤሊዛቤት በእርሾ የተነሳ ዳቦ አይስማማትም፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1843 ያለ እርሾ ሊጥ የሚያስነሳ ዱቄት ቀመመላት። እንቁላልም ስለማይስማማት ቀደም ብሎ ያለ እንቁላል የሚሠራ ካስተርድ አዘጋጅቶላት ነበር። እንዲህ ያለውን ባል ለሁላችሁም ይስጣችሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1845፣ የብሪስቶሉ ዳቦ ጋጋሪ ሄንሪ ጆንስ አንድ እርምጃ ጨመረ። ማስነሻውን አስቀድሞ ከዱቄቱ ጋር ቀላቅሎ፣ እርጥበት ሲነካው ራሱን የሚያስነሳ ዱቄት ሠራና የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ያሰበው ለመርከበኞች ነበር፤ ባሕር ላይ ወራት ሲቆዩ ጥርስ ከሚሰብረው የመርከብ ብስኩት ይልቅ ትኩስ ዳቦ እንዲበሉ። የባሕር ኃይሉ ሹማምንት ግን ለዓመታት አንገራግረውበታል።

ሰሜን እንግሊዝ፣ ኒውካስል ውስጥ ደግሞ ቶማስ ቤል የተባለ የሸቀጣ ሸቀጥ አከፋፋይ ይህንኑ ዓይነት ዱቄት ይሸጥ ነበር። የዱቄቱ መጠሪያ «ቤልስ ሮያል» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ካረፉ በኋላ «ሮያል» የሚለውን ቃል በንግድ ስም መጠቀም ስላልተፈቀደ፣ የሁለቱን ቃላት መነሻ ፊደላት ወስደው «ቢ-ሮ» አሉት፤ እስከ ዛሬ ሱቅ ውስጥ አለ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሰዉ ለዚህ ዱቄት ገና እንግዳ ነበርና ኩባንያው ዐውደ ርዕይ እያዘጋጀ ስኮንና ኬክ እዚያው ጋግሮ በሺሊንግ ይሸጥ ጀመር። የበላው ሁሉ «አሠራሩን ስጡን» ሲል እ.ኤ.አ. በ1923 ትንሽ የአሠራር መጽሐፍ አሳትመው በነፃ አደሉ። የብዙ እንግሊዛውያን አያቶች ስኮን መጋገር የተማሩት ከዚያች ቀጭን መጽሐፍ ነው።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለነገር ነው። «እኔ ከባዶ ነው የምጋግረው» ብላ ቀና የምትል ጎረቤቴ ጓዳ ውስጥ ብትገቡ የምታገኙት ራሱን የሚያስነሳ ዱቄት ነው። እሱም ፓኬት ነው፤ የማስነሻውን ልክ ሌላ ሰው ለክቶላታል። በእሷና በእኔ መካከል ያለው ልዩነት ስኳሩንና ቅቤውን ማን መዘነው የሚለው ብቻ ነው። አሜሪካኖቹ በዚህ ሐሳብ ቶሎ ገፍተውበታል። ጄኔራል ሚልስ የተባለው ኩባንያ ሻጭ ካርል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1930 በባቡር ሲጓዝ፣ የባቡሩ ምግብ አብሳይ ከሰዓቱ ውጭ ትኩስ ቢስኪት በአፍታ አቀረበለት። ሚስጥሩን ቢጠይቅ ምግብ አብሳዩ ዱቄት፣ ጮማ፣ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው አስቀድሞ ቀላቅሎ በረዶ ላይ ያስቀምጥ ኖሯል። በዓመቱ «ቢስክዊክ» ሱቅ ገባ። አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችን ከተጠበሰ ዶሮ ጋር የምትበሉት ቢስኪት የስኮን የአክስት ልጅ ነው።

አሁን ፓኬቱን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። በብሪታንያና በአውሮፓ ሕግ መሠረት የይዘቱ ዝርዝር የሚጻፈው በክብደት ከሚበልጠው ተነስቶ ነው። የስንዴ ዱቄት ይቀድማል። ከጎኑ ብረት፣ ካልሲየምና ሁለት የቪታሚን ቢ ዓይነቶች ተጽፈው ብታዩ አትደንግጡ፤ ብሪታንያ ውስጥ ነጭ ዱቄት በሕግ የሚጠናከረው በእነዚህ ነው። ቀጥሎ ስኳር፣ የአትክልት ዘይት፣ ጨው፣ በመጨረሻም ሁለት ቁጥሮች፦ ኢ450 እና ኢ500። የሥራው ባለቤቶች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ኢ500 ቤኪንግ ሶዳ ነው። ኢ450 አሲድነት ያለው የፎስፌት ጨው ነው። ደረቅ እስከሆኑ ድረስ ጎን ለጎን ተኝተው ይቆያሉ። ወተት ሲነካቸው መሥራት ይጀምራሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። ዋናውን ጉልበታቸውን ግን የሚያወጡት ሙቀት ሲያገኙ፣ ኦቭን ውስጥ ነው። ፓኬቱ እርጥበት ያለበት ቦታ፣ ከድስት እንፋሎት አጠገብ ከተቀመጠ ግን ቀስ በቀስ እርስ በርስ ተበላልተው ያልቃሉ፤ ያ ፓኬት ጊዜው ባያልፍም አይነሳም።

እንግዲህ ወደ እጅ ሥራው።

ከሁሉ በፊት ኦቭኑን አብሩት፤ 220 ዲግሪ፣ ማራገቢያ ያለው ከሆነ 200። በደንብ ሳይግል ሊጥ መጀመር የለም። ለብ ባለ ኦቭን ውስጥ የገባ ስኮን ጋዙ ቀስ እያለ ያመልጥበታል፣ ቅባቱ ይቀልጣል፣ ወደ ላይ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ጎን ይንጣለላል።

የፓኬቱ መመሪያ ውሃ ብቻ ጨምሩ ቢላችሁም እኔ ሁለት ነገር እለውጣለሁ። ውሃውን በወተት እተካለሁ። የፓኬቱ ቅባት ብዙ ጊዜ የዘንባባ ዘይት ስለሆነ ያለሰልሳል እንጂ ጣዕም አይሰጥም፤ ስለዚህ ከማቀዝቀዣ የወጣ የገበታ ቅቤ ትንሽ ትንሽ አድርጌ ቆርጬ እጨምራለሁ። ለግማሽ ኪሎ ዱቄት 30 ወይም 40 ግራም ይበቃል። ቅቤው ከዱቄቱ ጋር የሚፈተገው በጣት ጫፍ ነው፤ መዳፍ ይሞቃል፣ ቅቤውን ያቀልጠዋል። ዱቄቱን ከሳህኑ አፍ ከፍ አድርጎ በጣቶች መካከል እየፈተጉ መልቀቅ ነው፣ ደረቅ የዳቦ ፍርፋሪ እስኪመስል። እስከዚህ ድረስ የፈለጋችሁትን ያህል ብትፈትጉ ችግር የለውም፤ እርጥበት ገና አልገባም። እንዲያውም ቅባቱ እያንዳንዱን የዱቄት ቅንጣት በለበሰው ቁጥር ውሃ ቶሎ አይደርሰውም፤ ያ ደግሞ የምንፈልገው ነው።

ከዚያ ወተቱ። ጠብታ በጠብታ አይደለም፤ መሀሉን ከፈት አድርጎ የተለካውን ከሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ነው፣ ጥቂት ብቻ አስቀርቶ። ለማዋሀድ ማንኪያም እጅም አልጠቀምም። አፉ ያልተሳለ የገበታ ቢላ ይዤ ሊጡን እየቆራረጥኩ አገላብጣለሁ። የቀድሞ አለቃችን፣ ጡረታ የወጡ ስኮትላንዳዊት፣ ያሳዩን እንዲህ ነው፤ ቢላ ሊጥ ይቆርጣል እንጂ ሊጥ ማሸት አይችልም። ዱቄቱ እርጥበት ጠጥቶ፣ ሻካራና የተዝረከረከ ሆኖ፣ «ይህ ገና ነው» ስትሉ በቅቶታል። እዚህ ላይ አቁሙ።

ለምን? ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ውሃ አግኝቶ በታሸ ቁጥር እርስ በርሱ እየተያያዘ የሚለጠጥ መረብ ይሠራል፤ ግሉተን የሚሉት ይህንን ነው። ለድፎ ዳቦ ይህ መረብ ጸጋ ነው። እርሾ ቀስ ብሎ ለሰዓታት የሚሠራ ስለሆነ ያን ሁሉ ጋዝ ይዞ የሚያቆይ ጠንካራ መረብ ያስፈልገዋል። ስኮን ግን ኦቭን ውስጥ የሚቆየው 12 ወይም 15 ደቂቃ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ጋዙ ወደ ላይ ሲገፋ የተለጠጠው መረብ መልሶ ወደ ታች ይጎትተዋል። ውጤቱ አጭር፣ ጠንካራ፣ ሲነክሱት የሚጎተት ነገር ነው። አዲስ ሠራተኛ ወጥ ቤታችን ሲመጣ፣ በተለይ የአገር ልጅ ከሆነች፣ የምላት አንድ ነገር ነው፦ «እህቴ፣ እጅሽን ኪስሽ ክተቺ።»

ሊጡን ዱቄት በተነሰነሰበት ጠረጴዛ ላይ አውጡት። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ አጠፍ አጠፍ አድርጎ በመዳፍ መጫን ይፈቀዳል፤ ይህ ማሸት አይደለም፣ ሻካራውን ማስተካከልና ንብርብር መፍጠር ነው። ያ ወገቡ ላይ የምትይዙት ስንጥቅ የሚመጣውም ከዚህ ንብርብር ነው። መዳመጫ አያስፈልግም። ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ኦቭን ውስጥ ይነሳል» ብሎ ያሳሳዋል። ቀጭን የገባ ስኮን ቀጭን ነው የሚወጣው።

መቁረጫውን፣ ወይም አፉ ቀጭን የሆነ ብርጭቆ፣ ዱቄት ውስጥ እየነከራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ጫኑ፤ ሳታዞሩ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። መቁረጫውን ማዞር የሊጡን ዳር ያጣብቀዋል፤ የተጣበቀው ወገን አይነሳም፣ ስኮኑ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ለእንግዳ ካልሆነ በቀር እኔ ቤቴ በክብ አልቆርጥም። ሊጡን አራት ማዕዘን አድርጌ በቢላ እከፋፍለዋለሁ። ቁርጥራጭ አይተርፍም፤ ቁርጥራጭ ተሰብስቦ ዳግም የተዳመጠ ስኮን ደግሞ ምንጊዜም ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። ልጆቼ ክቡን ነው የሚወዱት፤ ሲበሉ ግን ማዕዘኑን አይቆጥሩም።

ትሪው ላይ አራርቃችሁ አትደርድሩ። ጎን ለጎን ተጠጋግተው ሲቀመጡ ተደጋግፈው ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ላያቸውን በተመታ እንቁላል ወይም በወተት ቀቡ፤ ወደ ጎን እንዳይፈስ ተጠንቀቁ፤ የፈሰሰው እንቁላል ቶሎ ደርቆ ጎኑን ከትሪው ጋር ያጣብቀዋል። ከዚያ ኦቭን። በሩን ቶሎ ቶሎ እየከፈቱ ማየት የለም። መብሰሉ የሚታወቀው ጎኑ ሲደርቅና አንዱን አንስታችሁ ሥሩን ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ሲሰጥ ነው። ለስላሳ እንዲሆን ለሚፈልግ፣ እንደወጣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈን ማድረግ ነው። እኛ ወጥ ቤት እንሸፍነዋለን፤ ጥርስ የሌላቸው ብዙ ናቸው።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ትሪውን እየገፋን ወደ አዳራሹ ስንገባ ጠቡ ይጀመራል። ብሪታንያን የማያውቅ ሰው ይህን ጠብ ላያምነው ይችላል። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት አውራጃዎች አሉ፣ ዴቨንና ኮርንዎል። ዴቨኖች መጀመሪያ ክሬም፣ ከላዩ ማርማላታ ያደርጋሉ። ኮርንዎሎች መጀመሪያ ማርማላታ፣ ከላዩ ክሬም። ጉዳዩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ኮርንዎል ውስጥ ያለው ላንሃይድሮክ የተባለ ታሪካዊ መኖሪያ ለእናቶች ቀን ባወጣው ማስታወቂያ ላይ ክሬሙ ከታች የሆነ ስኮን ፎቶ ታይቶ አገር ተቆጥቷል፤ ይቅርታም ተጠይቋል።

እኛ ዘንድ የዴቨኑን ወገን የያዙት ዘጠና የተጠጉ አንዲት እመቤት ናቸው። እዚህ አገር አዛውንትንም በስማቸው ብቻ ነው የሚጠሩት፤ እኔ ግን በልቤ «እማማ» ነው የምላቸው። ክርክራቸው አጭር ነው፦ «ክሬም ማለት እኮ ቅቤ ነው። ልጄ፣ አንቺ ዳቦ ላይ ማርማላታ ቀብተሽ ነው ከላዩ ቅቤ የምትቀቢው?» ከፊት ለፊታቸው የሚቀመጡት ሽማግሌ ለንደን ተወልደው ለንደን ያረጁ የቀድሞ ፖስተኛ ናቸው። ሆኖም ሟች ባለቤታቸው የኮርንዎል ሰው ስለነበሩ ማርማላታውን ነው የሚያስቀድሙት። «ሃምሳ ዓመት ተቆጥቼ አላሸነፍኳትም፤ አሁን ሰው የለም ብዬ ልገልብጠው?» ይላሉ። እማማ መልስ አጥተው አያውቁም፣ እዚህ ላይ ብቻ ሻያቸውን ያማስላሉ።

ፍርዴን ብትጠይቁኝ፣ ስኮኑ ትኩስ ከሆነ ኮርንዎል ትክክል ነው፤ ክሬም ትኩስ ላይ ሲቀመጥ ቀልጦ ይፈሳል፣ ማርማላታው ይከላከልለታል። ከቀዘቀዘ ዴቨን። ይህን አዳራሹ ውስጥ ተናግሬው አላውቅም።

ክሬሙ ክሎትድ ክሪም ይባላል። ክሬም በዝግታ ለሰዓታት ሞቆ፣ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ወርቃማ ቅርፊት ይዞ ይረጋል። ቢያንስ 55 በመቶው ስብ ነው። የኮርንዎሉ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በአውሮፓ ሕግ ስሙ የተጠበቀለት ነው። አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን ፍለጋ አትንከራተቱ። ለጋ ቅቤና ጥሩ ማር ይበቃል፤ እንደ እኔ ምላስ ከሆነ እንዲያውም ይበልጣል። በደንብ የተነጠረና ቅመም የገባበት ቅቤ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ማርማላታውን ይጣላዋል።

ለጾም የሚሆን ስኮን ከብዙ ፓኬቶች ይወጣል፤ ግን ሁሉም አይደሉም። አንዳንዱ ፓኬት ውስጥ የአሬራ ዱቄት ወይም ከአይብ ውሃ የተሠራ ዱቄት አለ። እዚህ አውሮፓ ላላችሁ ማወቁ ቀላል ነው፤ አለርጂ የሚያመጡ ነገሮች፣ ወተትም ጭምር፣ ዝርዝሩ ውስጥ ጎልተው እንዲጻፉ ሕጉ ያዝዛል። ከሌለበት፣ በአጃ ወተት አቡኩት፣ ላዩንም በእሱ ቀቡት። በዐቢይ ጾም ቤቴ የሚጋገረው ይኸው ነው፤ ከእንጆሪ ማርማላታ ጋር ማንም ልዩነቱን አይጠይቅም።

አሬራን ካነሣሁ አይቀር፣ ከዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ጓዳ ይበልጥ ይቀርባል የምለው እሱ ነው። የስኮትላንድና የአየርላንድ ገበሬ ሚስት ቅቤ ንጣ ካወጣች በኋላ የተረፈውን ጎምዛዛ ፈሳሽ አትደፋውም ነበር። ቤኪንግ ሶዳ ገበያ ላይ ከወጣ በኋላ ሁለቱን አገናኘቻቸው፤ የአሬራው ጎምዛዛነት ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይፈጥራል፣ ሊጡ ይነሳል። እኛ አገር ለልጅ የሚጠጣው ወይም ለአይብ የሚሞቀው አሬራ ያው ነው። ፓኬቱን በወተት ፋንታ በአሬራ ብታቦኩት ማስነሻው እዚያው ስላለ ሌላ ሶዳ አያስፈልገውም፤ ስኮኑ ይበልጥ ለስላሳ ይሆናል፣ ትንሽ መጣጣ ማለቱ ደግሞ ማሩን ያወጣዋል። ወፍራም ስለሆነ ከወተቱ ልክ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፓኬቱ የተዘጋጀው ባሕር ወለል አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ያው የማስነሻ መጠን ሊጡን ከልክ በላይ ይነፋዋል፤ ከዚያ ይሰጥማል ወይም ውስጡ ይቦረቡራል፤ እርጥበቱም ቶሎ ይተናል። ማስነሻውን ከፓኬቱ መቀነስ አይቻልም፣ ማሳሳት ግን ይቻላል። ለግማሽ ኪሎ ሦስት አራት የሾርባ ማንኪያ ፈርኖ ዱቄት ጨምሩበትና ወተቱንም በዚያው ልክ ከፍ አድርጉ።

ኦቭን የሌለው ሰውም አይቅርበት፤ ስኮን ከኦቭን በፊት የምጣድ ነበርና። ሊጡን ከ1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያልበለጠ አድርጋችሁ፣ ወፍራም ብረት ምጣድ ወይም ከባድ መጥበሻ በዝቅተኛ እሳት አግላችሁ፣ ቅባት ሳታበዙ እያንዳንዱን ፊት አምስት ደቂቃ ያህል አብስሉት። እሳቱ ከበረታ ላዩ ይጠቁራል፣ ውስጡ ሊጥ ይቀራል።

የውጭ ፓኬት የናረበት ሰው የራሱን ፓኬት ይሥራ። ለ1 ኪሎ ፈርኖ ዱቄት፣ ሙሉ ግን ያልተከመረ 4 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር (አዲስ አበባ 3 ይበቃል)፣ 120 ግራም ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው። ሁለት ጊዜ በወንፊት መንፋት ነው፤ አንድ ቦታ የተጠራቀመ ቤኪንግ ፓውደር ይመራልና። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ደረቅ ቦታ ሳምንታት ይቆያል። ስትጋግሩ ከዚህ 300 ግራም ወስዳችሁ 50 ግራም ቀዝቃዛ ቅቤ ፈትጉበት፣ 130 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት ጨምሩ፤ ስድስት ወይም ሰባት ስኮን ይወጣዋል።

ስኮን የማያድር ምግብ ነው፤ በተጋገረበት ቀን ካልተበላ በነጋታው ይጠነክራል። ይቆይልኛል ብሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ይብሱን ያደርቀዋል፤ የዱቄቱ ስታርች ቶሎ የሚጠነክረው በዚያ ዓይነት ቅዝቃዜ ነው። የሚተርፍ ከመሰላችሁ እንደቀዘቀዘ ወዲያው ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፤ እዚያ መጠንከሩ ይቆማል። ሲፈለግ ወጥቶ፣ በረዶው ሲለቅ 160 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ አምስት ደቂቃ። ማይክሮዌቭ አትሞክሩ፤ ለአንድ ደቂቃ ይለሰልሳል፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጎማ ይሆናል። ያልተጋገረውን ሊጥም ቆርጦ በጥሬው ማስቀመጥ ይቻላል። እኔ ማክሰኞ ማታ ቤቴ እንዲህ አድርጌ የማስቀምጠው አለ፤ እንግዳ «በር ላይ ነኝ» ብሎ ሲደውል ከፍሪዘር በቀጥታ ወደ ኦቭን ይገባል፣ ከተለመደው ሦስት አራት ደቂቃ ብቻ ይጨመርለታል።